«ነፃ ሶፍትዌር»፣ «ክፍት ምንጭ» ወይስ «ክፍት ኮድ»? ስለ ስያሜው ምክር ፈልጌ ነበር

ጠያቂ፦ የመምሪያው ተርጓሚ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ መምሪያ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። መምሪያው የሊብሬኦፊስን (የቢሮ ጽሑፍ ማዘጋጃ)፣ የፋየርፎክስን (የኢንተርኔት ማሰሻ) እና የቪኤልሲን (የቪዲዮ ማጫወቻ) አጠቃቀም የሚያስተምር ሲሆን፣ ሁለተኛው ምዕራፍ እነዚህ ፕሮግራሞች በመደብር ከሚሸጡት የሚለዩት በምን እንደሆነ ያስረዳል። ሥራውን ያስቆመኝ ይኸው ምዕራፍ ነው። ከእኔ በፊት ጀምረው ከተዉት ሁለት ተርጓሚዎች አንደኛው «ነፃ ሶፍትዌር»፣ ሁለተኛው «ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር» ብለዋል። ዋናው ጽሑፍ ራሱ ሁለቱንም ስሞች እያቀያየረ ሲጠቀም ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ገጾች «ፎስ» እና «ፍሎስ» የሚሉ ምሕጻረ ቃላትን ያመጣል።

ለሙከራ ያህል «ነፃ ሶፍትዌር» የሚለውን ለአምስት ሠልጣኞች አስነብቤ ምን እንደተረዱ ጠየቅኋቸው። አራቱ «ገንዘብ የማይከፈልበት» አሉ፤ አምስተኛዋ ደግሞ «ከቫይረስ ነፃ የሆነ» አለችኝ። ከአራቱ አንዱ፣ የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ በፍላሽ ያመጣለት ክራክ የተደረገ (ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ) ዊንዶውስም ነፃ ሶፍትዌር መሆኑን በሙሉ ልብ አስረዳኝ። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለአንድ ነገር ይህን ያህል ስም የወጣለት ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በአማርኛ የትኛውን ብጠቀም አንባቢ ሳይሳሳት ይረዳኛል?


መልስ ሰጪ፦ ቀለም ቀንድ

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ልመልስ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር፣ ማንም ሊለውጠውና ሊያካፍለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት ያቀደበትን የግኑን ፕሮጀክት በመስከረም 1983 ይፋ ሲያደርግ ለሥራው የመረጠው ቃል «ፍሪ ሶፍትዌር» ነበር። በእንግሊዝኛ ያ ቃል «ነፃነት ያለው» እና «ያለ ክፍያ» የሚሉትን ሁለት ትርጉሞች በአንድ ላይ ስለሚሸከም ችግሩ ከመጀመሪያው ቀን አብሮት ተወለደ። ስቶልማን ራሱ በ1985 ባወጣው የግኑ መግለጫ ላይ ቃሉን ሳይጠነቀቅ እንደተጠቀመበት በኋላ ባከላቸው የግርጌ ማስታወሻዎች አምኗል። የሚያስገርመው ግን ሰውዬው በዚያው ዘመን ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሙን በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለእርሱ ገንዘብ መቀበልና ነፃነት አይጋጩም ነበርና። የሚጋጨው፣ የገዛው ሰው ፕሮግራሙን እንዳይከፍት፣ እንዳይለውጥና ለጎረቤቱ እንዳያካፍል መከልከሉ ነው። በጥቅምት 1985 የተቋቋመው የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይህንኑ ሐሳብ ዛሬ ከ0 እስከ 3 በተቆጠሩ አራት ነፃነቶች ይተረጉመዋል፤ እነርሱም ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ማካፈል፣ የለወጡትንም ማካፈል ናቸው። ቁጥሩ ከ0 የጀመረው ፕሮግራመሮች ከዜሮ መቁጠር ስለሚወዱ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ የመጀመሪያው ነፃነት ሌሎቹ ከተጻፉ በኋላ የመጣ በመሆኑ ከፊታቸው ቦታ የተገኘለት እዚያ ነው።

ግራ መጋባቱን ያባባሰ ሌላ ቃልም ነበር። በ1982 አንድሩ ፍሉገልማን የተባለ አሜሪካዊ ፒሲ ቶክ የተሰኘ ፕሮግራም ሠርቶ ሰው ሁሉ እንዲያባዛው ፈቀደና፣ የወደደው 25 ዶላር እንዲልክለት ጠየቀ። ይህንንም «ፍሪዌር» ብሎ ስሙን በንግድ ምልክትነት ያዘው። በኋላ ቃሉ ከእጁ ወጥቶ ዋጋ የሌለው ነገር ግን ምንጭ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ፕሮግራሙ የተሠራበት ጽሑፍ) የማይታይ ፕሮግራም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የእርስዎ ሠልጣኞች «ነፃ ሶፍትዌር» ሲባሉ በአእምሯቸው የሚመጣው ይህ ፍሪዌር ነው።

«ኦፕን ሶርስ»፣ ማለትም «ክፍት ምንጭ»፣ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኔትስኬፕ የኢንተርኔት ማሰሻውን ምንጭ ኮድ እንደሚለቅ በጥር 1998 ካስታወቀ በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አጋጣሚውን እንዴት እንጠቀምበት ሲሉ መከሩ። ቃሉን አስቀድማ ያሰበችው ክሪስቲን ፒተርሰን ነበረች። እርሷ ራሷ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደጻፈችው፣ በስብሰባው ላይ ቃሉን ለማቅረብ አልደፈረችም፤ ባልደረባዋ በንግግሩ መሐል እንደ ዋዛ ጣል አደረገው፣ ሌሎቹም ሳያስቡት ተቀብለው ይጠቀሙበት ጀመር። እኔ ከስያሜ ታሪኮች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ ቃል የሚጸድቀው በውሳኔ ሳይሆን ሰው አፍ ላይ ሲቀል ነው።


መልስ ሰጪ፦ የኮድ ገበሬ

የቀለም ቀንድን ታሪክ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ክርክሩ ካለቀ ብዙ ዘመን እንደሆነው መነገር አለበት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የኮምፒውተር መጻሕፍት አሳታሚው ቲም ኦራይሊ የዘርፉን መሪዎች ጠርቶ ባካሄደው ጉባኤ በድምፅ የተመረጠው «ኦፕን ሶርስ» ነው። ጉባኤው ራሱ ሲጠራ «የፍሪዌር ጉባኤ» መባሉን ስመለከት፣ ሰዎቹ ስም ፍለጋ ምን ያህል እንደተቸገሩ ይታየኛል። ፕሮግራመሮቹ ኤሪክ ሬይመንድና ብሩስ ፔረንስም በ1998 የኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የተባለውን ድርጅት መሥርተው፣ ፔረንስ አስቀድሞ ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ያዘጋጀውን መመሪያ ወስደው አሥር ነጥቦች ያሉት መለኪያ አድርገውታል።

ከዚያ ወዲህ ገበያው የተናገረውን እንይ። አይቢኤም የሊኑክስ ኩባንያ የሆነውን ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ማይክሮሶፍትም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ መግለጫዎቹ «ኦፕን ሶርስ» አሉ እንጂ «ፍሪ ሶፍትዌር» አላሉም። በምሠራበት ቢሮም የሰባት ፕሮግራመሮች የአማርኛ ወሬ ውስጥ «ነፃ ሶፍትዌር» የሚል ሐረግ ሰምቼ አላውቅም፤ «ይሄ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ስብስብ) ኦፕን ሶርስ ነው ወይ?» ነው የምንባባለው። ስለዚህ ለጠያቂው የምመክረው ሕዝብ የያዘውን ቃል እንዲይዙ ነው። «ኦፕን ሶርስ» ብለው በግዕዝ ፊደል ይጻፉት፣ መተርጎም ግድ ከሆነም «ክፍት ምንጭ» ይበሉና ይለፉ።


መልስ ሰጪ፦ የምንጭ ልጅ

እኔ የሶፍትዌር ሰው አይደለሁም፤ ሙያዬ የገጠር ውሃ አቅርቦት ነው። የተጠቆመው ቃል የእኔን ሙያ ስለነካ አንድ ነገር ልበል።

በእኛ ሥራ «ምንጭ» ማለት ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ ነው። አንድ ምንጭ ለመጠጥ የሚሆነው ሲጎለብት ነው፤ ይህም ማለት ዐይኑ ተቆፍሮ በድንጋይና በጠጠር ሲሞላ፣ በኮንክሪት ሲሸፈን፣ ውሃው በቧንቧ ሲወጣ፣ የዝናብ ጎርፍ እንዳይገባበት ከበላዩ ቦይ ሲወጣለትና ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያው ሲታጠር ነው። ያልጎለበተው ምንጭ ክፍት ነው፤ ክፍት በመሆኑም በሽታ ያመጣል። ለአንድ የገጠር ሰው «ይህ ክፍት ምንጭ ነው» ብትሉት «ይህን አትጠጣ» እንዳላችሁት ነው የሚቆጥረው። የጎለበተ ምንጭ ደግሞ የውሃ ኮሚቴ አለው፣ ሕግ አለው፣ ጠጋኝ አለው። ወንድሜ የኮድ ገበሬ በሰፊው የሚያመሰግኑት ሶፍትዌር በብዙ ሰው እጅ የሚጠበቅና የሚጠገን ከሆነ፣ የሚመስለው የጎለበተውን ምንጭ እንጂ ክፍቱን አይደለም።

«ጉልብት ሶፍትዌር» በሉት ማለቴ አይደለም፤ መቼስ እንደዚያ ብትሉ የሚስቀው ብዙ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ «ሶርስ» ሲባል ወዲያው ወደ ኮድ የሚሄደው የፕሮግራመር ጆሮ፣ በአማርኛ «ምንጭ» ሲባል ወደ ወንዝ ዳር የሚሄድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።


መልስ ሰጪ፦ ከሐይፋ

የምንጭ ልጅ ያነሡት ነጥብ እዚህ እስራኤል ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች የተለመደ ነው፤ በዕብራይስጥ መንገዱን ስላየነው። ዕብራይስጥ እንደ እንግሊዝኛ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ቃል አልደፈነም፤ ዋጋ የሌለው «ኺናም» ሲሆን ነፃነት ያለው «ኾፍሺ» ነው፤ ስለዚህ «ቶኽና ኾፍሺት» ብሎ ስለ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይገጥምዎትም። ለኔ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሁለተኛው ስያሜ ነው። ዕብራይስጥ «ሶርስ» የሚለውን ቃል ትቶ «ኮድ ፓቱአኽ» ይላል፤ ክፍት ኮድ ማለት ነው። ምንጭ የሚባል ነገር የለበትም፣ ወንዝም ከብትም አይመጣም፤ ምን ክፍት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

ልጆቼ በትምህርት ቤት ፕሮግራሚንግ ይማራሉ፤ በቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያስረዱኝ «ክፍት ኮድ» ብለው የሚተረጉሙት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። «ክፍት ምንጭ» ብዬ ብነግራቸው መጠየቃቸው አይቀርም።


መልስ ሰጪ፦ የግዕዝ ደቀ መዝሙር

«ነፃ» ጥፋቱ የራሱ አይደለም፤ አማርኛ መሣሪያ እያለው አለመጠቀማችን ነው። ልዩነቱን የምታመጣዋ ትንሿ «በ» ናት። «በነፃ የሚታደል» ስንል ስለ ዋጋ እንናገራለን፤ «ነፃ አገር»፣ «ነፃ ሰው» ስንል ስለ ነፃነት እንናገራለን። ጨዋታውን ያበላሸው «ነፃ ሕክምና»፣ «ነፃ ትምህርት ዕድል» የሚለው የማስታወቂያ አጻጻፍ ሲሆን፣ እነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ ሲጻፉ «በነፃ የሚሰጥ» መባል ነበረባቸው። የሠልጣኟ «ከቫይረስ ነፃ» ደግሞ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ «ከቀረጥ ነፃ»፣ «ከአልኮል ነፃ» እንደምንለው «ከ» ሲቀድመው አንድ ነገር የሌለበት ማለት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ስቶልማን የሚታወቅበት «እንደ ነፃ ንግግር እንጂ እንደ ነፃ ቢራ አይደለም» የሚለው ማብራሪያ ወደ አማርኛ ሲገባ የሚሞተው፤ እኛ ነፃ ቢራ ስንባል የአልኮሉን ነገር ነው የምንጠይቀው።

ሌላ ቃል ከተፈለገ አለን። «አርነት» የሚለው ቃል ዋጋን ፈጽሞ አያስታውስም፤ «አርነት ወጣ» የሚባለው ከባርነት የወጣ ሰው ነው። ከግዕዙ «ሐራ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ትግርኛ «ሓርነት» ብሎ በዕለት ንግግሩ ይጠቀምበታል፤ የዐረብኛው «ሑር»ም የዚያው ሥር ዘመድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ወገኖቻችን ዐረብኛው «መጃኒ» እና «ሑር» ብሎ ዋጋን ከነፃነት እንደሚለይ ታውቃላችሁ። ከዚያም ወደ ጥልቁ ብንወርድ በግዕዝ ነፃነት «ግዕዛን» ይባላል፤ ይህን ሁሉ የምንጽፍበት ፊደል ስሙ ግዕዝ መሆኑን ልብ ላላችሁት፣ «ግዕዛዊ ሶፍትዌር» ቢባል ውብ ነበር፤ ማንም ባይረዳውም።

እኔ ሐሳቤን «አርነት ሶፍትዌር» ላይ አኖራለሁ።


መልስ ሰጪ፦ የኮድ ገበሬ

የግዕዝ ደቀ መዝሙር ሆይ፣ ቋንቋው ደስ ይላል፤ ግን «አርነት ሶፍትዌር አለን» ብዬ ለአለቃዬ ብጽፍለት ስለ ምን እንደማወራ ለመረዳት ሌላ ደብዳቤ ይጠይቀኛል። ቃል ገንዘብ ነው፤ የሚሠራው ተቀባይ ሲኖረው ብቻ ነው። «ክፍት ኮድ» የሚለውን ግን እቀበላለሁ፤ የምንጩን ነገር ካነበብሁ በኋላ «ክፍት ምንጭ» ብሎ መጻፍ አልተመቸኝም።


መልስ ሰጪ፦ ቀለም ቀንድ

የግዕዝ ደቀ መዝሙር ያቀረቡት ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ዓለምም በየቋንቋው መልስ ሰጥቶበታል። ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ነፃነት ያለውን «ሊብር» እና «ሊብሬ»፣ ዋጋ የሌለውን «ግራቱዊ» እና «ግራቲስ» ስለሚሉ አልተቸገሩም። ሕንድ ደግሞ በአንዲት ፊደል የምትለይ ድንቅ ጥንድ አላት፤ በሂንዲ «ሙክት» ነፃነት ያለው፣ «ሙፍት» ዋጋ የሌለው ነው። ሪሻብ አየር ጎሽ የተባለው ሕንዳዊ ተመራማሪ በ2001 ለአውሮፓ ኮሚሽን ለሠራው ጥናት «ፍሎስ» የሚለውን ምሕጻረ ቃል ሲጠቀም፣ በሁለቱ የእንግሊዝኛ ስሞች መካከል «ሊብር» የሚለውን ያስገባበት ምክንያት ይኸው ነው። ጠያቂው የጠቀሱት «ፎስ» (ፍሪ ኤንድ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር) እና «ፍሎስ» ልዩነት ይህች አንዲት ቃል ናት። እርስዎ የሚያስተምሩት ሊብሬኦፊስም ስሙን የያዘው ከዚህ ነው፤ በመስከረም 2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ሲወጣ «ኦፕን» የሚለውን ትቶ «ሊብሬ» የሚለውን መውሰዱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሠልጣኞችዎ በየቀኑ የሚከፍቱት ፕሮግራም የክርክሩን አንደኛ ወገን በስሙ ይዞታል ማለት ነው።

ወንድማችን የኮድ ገበሬ «ክርክሩ አልቋል» ላሉት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የቃላቱን ዝና በምን ነው የሚለኩት? በኢንተርኔት ፍለጋ ከሆነ «ፍሪ ሶፍትዌር» ብሎ የሚፈልገው አብዛኛው ሰው ያለ ክፍያ የሚወርድ ነገር የሚፈልግ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ የስቶልማንን ሐሳብ ዝና አይናገርም። «ኦፕን ሶርስ» የሚለውም ንጹሕ አይደለም፤ ከ1998 በፊት የስለላ ሰዎች ከጋዜጣና ከሬዲዮ የሚለቀም መረጃን ለመጥራት ይጠቀሙበት ነበር፣ አሁንም ይጠቀሙበታል። ሁለት የተበረዙ ቃላትን ቆጥሮ ማን አሸነፈ ማለት፣ የሁለት ጋን ጠላ ውሃቸው ሳይታወቅ መጠናቸውን እንደማወዳደር ነው። በኩባንያ መግለጫ ውስጥ «ኦፕን ሶርስ» መብለጡን አልክድም። ነገር ግን ብሩስ ፔረንስ ራሱ፣ ያንን ቃል ካቋቋሙት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ በ1999 መጀመሪያ «ስለ ነፃ ሶፍትዌር እንደገና የምንናገርበት ጊዜ ነው» ብሎ ከድርጅቱ ለቅቋል። ድል አድራጊው ወገን ገና በዓመቱ አንድ መሥራቹን ለምን እንዳጣ ማሰብ ይገባል።


መልስ ሰጪ፦ የሕግ ሰው

በስም ስንከራከር ፈቃዱን እንዳንረሳው። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የቅጂ መብት ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነው። ስለዚህ ባለመብቱ ካልፈቀደ በቀር ማባዛትም ሆነ መለወጥ አይቻልም፤ ፕሮግራሙን ከዚህ የሚያወጣው የስሙ ውበት ሳይሆን ከእርሱ ጋር የሚሰጠው የፈቃድ ጽሑፍ ነው። በጠያቂው መምሪያ ያሉትን ብናይ፣ ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስ የፋየርፎክስ ባለቤት በሆነው በሞዚላ ፈቃድ፣ ቪኤልሲ ከግኑ ፕሮጀክት በወጣው ጂፒኤል በተባለ ፈቃድ ይሰራጫሉ። ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ ግን ባለመብቱ ያልፈቀደው ቅጂ ነው፤ ዋጋ ባለመከፈሉ ብቻ ከእነዚህ ጋር አይደመርም። ለሠልጣኙ ይህን ማስረዳት ከስሙ ምርጫ ይልቅ የሚቀድም ይመስለኛል።

ስሙ በሕግ የማይጠበቅ መሆኑ ያስከተለውን መዘዝም ልጠቁም። የኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ስሙን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሞክሮ ነበር፤ ቃሉ ነገሩን የሚገልጽ ተራ ቃል በመሆኑ ሙከራው በ1999 ከሸፈ። በዚህ የተነሣ ማንም ሰው «ኦፕን ሶርስ» ብሎ የራሱን ፕሮግራም ቢጠራ የሚከለክለው የለም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2023 ላማ 2 የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሲለቅ ያንን ስም ሰጥቶታል፤ ፈቃዱ ግን በወር ከ700 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸውን ኩባንያዎች ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቁ ያስገድዳል። የአሥሩ ነጥቦች ባለቤት የሆነው ድርጅት ይህ ኦፕን ሶርስ አይደለም ብሎ ተቃውሟል፤ ከመቃወም በቀር ግን በእጁ ያለ ነገር የለም።

አንድ ጨዋታ ልጨምርና ላብቃ። የፋየርፎክስ ኮዱ ክፍት ነው፣ ስሙ ግን የሞዚላ ነው። በዚህ ምክንያት ዴቢያን ማሰሻውን አሻሽሎ ሲያሰራጭ ከ2006 እስከ 2016 ድረስ «አይስዊዝል» ብሎ ለመጥራት ተገዶ ነበር። እሳት ቀበሮው በረዶ ፍልፈል ሆነ እንደማለት ነው፤ እንስሳው በትክክል ፍልፈል ባይሆንም የአማርኛ ስም ስላጣሁለት ነው።


መልስ ሰጪ፦ የኮድ ገበሬ

የሕግ ሰው ያሉት እጅ አሰጥቶኛል። ባለፉት ዓመታት የምንጠቀምባቸው ሁለት መሣሪያዎች ከሥራችን መሐል ፈቃዳቸው ተለውጦብናል። የቴራፎርም ባለቤት ሃሺኮርፕ በነሐሴ 2023፣ የሬዲስ ባለቤት ደግሞ በመጋቢት 2024 ኮዱን ማንም የሚያየው ግን እንደፈለገ የማይነግድበት ወደሆነ ፈቃድ ዞሩ። ኮዱ አሁንም ክፍት ነው፤ ማየት ይቻላል። የተወሰደው ነፃነቱ ነው። ያን ጊዜ ነው «ክፍት» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል የገባኝ። እርግጥ ማኅበረሰቡ ኦፕንቶፉ እና ቫልኪ ብሎ ሁለቱንም ገንጥሎ አወጣ፤ ሬዲስም በ2025 ኤጂፒኤል የተባለውን ነፃ ፈቃድ መልሶ ጨመረ። አስተውላችሁ ከሆነ ግን ገንጣዮቹን ያዳናቸው አሮጌው ፈቃድ የሰጣቸው መብት ነበር፤ ኮዱ መታየቱ ብቻ አይደለም።

ይሁንና የቀለም ቀንድን የጠላ ምሳሌ አልቀበልም። ማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ፍለጋ መቁጠር አያስፈልገኝም፤ ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው የሚጽፉትን ማየት ይበቃኛል።


መልስ ሰጪ፦ የጤና መረጃ ባለሙያ

ክርክሩ ስለ ኩባንያዎች ብቻ እንዳይመስል፤ አገራችን የምትሠራባቸው ትልልቅ ሥርዓቶችም በዚሁ ጎራ ያሉ ናቸው። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ኮድ ሥርዓት ነው። ፋይዳ መታወቂያ የቆመው በሕንድ ባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ በተባለ የመታወቂያ ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ «ኦፕን ሶርስ» የሚለው ቃል በምሕጻሩ ውስጥ ተቀምጧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያስቀምጠው ዲስፔስ በተባለ ክፍት ኮድ ፕሮግራም ነው። ነገር ግን በምሳተፍባቸው ስብሰባዎች «ፍሪ ሶፍትዌር» ወይም «ኦፕን ሶርስ» ከሚለው ይልቅ ዛሬ የሚሰማው ሦስተኛ ስም ነው፤ ከ2020 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ፍኖተ ካርታ ወዲህ እነዚህ ሁሉ «ዲጂታል የሕዝብ ሀብት» በሚል እየተጠሩ ነው። መንግሥታትና ለጋሾች ይህን ስም ይወዱታል፤ ስለ ኮድም ስለ ነፃነትም ስለማያነሣ ማንንም አያስቆጣም። ደግሞም ከሶፍትዌር አልፎ መረጃንና ትምህርታዊ ይዘትን ስለሚያጠቃልል፣ ለጠያቂው መምሪያ የሚሆን አይመስለኝም። ቀድሞ ከነበሩት ሁለት ስሞች ጋር እየተወዳደረ መሆኑን ግን ማወቅ ይገባል።


መልስ ሰጪ፦ የግዕዝ ደቀ መዝሙር

እንግዲህ የኮድ ገበሬ ራሳቸው «የተወሰደው ነፃነቱ ነው» አሉ። ኮድ መክፈት አንድ ነገር ነው፣ አርነት ሌላ ነገር ነው። «ክፍት ኮድ» የሚለው ስም የመጀመሪያውን ብቻ ስለሚናገር ብቻውን አይበቃም። «አርነት ሶፍትዌር» እንግዳ ከሆነ ቢያንስ በማብራሪያው ውስጥ የነፃነቱ ነገር በግልጽ ይጻፍ። «ነፃ» የሚለውም «በ» ሳይቀድመው ስለ ዋጋ አይጻፍ። ከዚህ በላይ አልከራከርም።


ጠያቂ፦ የመምሪያው ተርጓሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የወሰንሁትን ላስቀምጥና እርሙልኝ።

በአርእስትና በመደበኛ ጽሑፍ «ክፍት ኮድ ሶፍትዌር» እላለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ «በተለምዶ ኦፕን ሶርስ የሚባለው» ብዬ አንባቢ ከጆሮው ከለመደው ጋር አገናኘዋለሁ። «ክፍት ምንጭ» የሚለውን ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ፤ የምንጭ ልጅን ካነበብሁ በኋላ በሄድሁበት ገጽ ሁሉ ከብት ይታየኝ ነበር። «ነፃ ሶፍትዌር» የሚለው የንቅናቄው ስም ሆኖ በታሪኩ አንቀጽ ላይ ብቻ ይቆያል፤ ዋጋን ስናገር ሁልጊዜ «በነፃ» ወይም «ያለ ክፍያ» እላለሁ። የምዕራፉ መክፈቻም እንዲህ ሆኗል፦

«ክፍት ኮድ ሶፍትዌር የተሠራበት ኮድ ለማንም የሚታይ ብቻ ሳይሆን፣ ባለመብቱ በሰጠው ፈቃድ መሠረት ማንም ሰው ለፈለገው ዓላማ ሊጠቀምበት፣ መርምሮ ሊለውጠው፣ ቅጂውንም ሆነ የለወጠውን ለሌላ ሊሰጥ የሚችል ሶፍትዌር ነው። ብዙውን ጊዜ በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን በነፃ የተገኘ ፕሮግራም ሁሉ ክፍት ኮድ አይደለም፤ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ተሰብሮ የሚታደል ፕሮግራም ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም።»

ይህን ለዚያው «ዊንዶውሴም ነፃ ነው» ላለኝ ሠልጣኝ አስነበብሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያውስ የእኔው የተሰረቀ ነው ማለት ነው» አለ።


መልስ ሰጪ፦ የሕግ ሰው

ጥሩ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይጨምሩ፦ «ለሌላ ሊሰጥ» ካሉት በኋላ «ወይም ሊሸጥ» ይግባበት። ሊብሬኦፊስን በፍላሽ ቀድቶ በሃምሳ ብር የሚሸጥ የሰፈር ልጅ ፈቃዱን እስካከበረ ድረስ ሕግ አልጣሰም፤ ይህ ካልተጻፈ አንባቢዎ ሰርቋል ብሎ ይከስሰዋል።


ጠያቂ፦ የመምሪያው ተርጓሚ

ትክክል ነዎት፤ ጨምሬዋለሁ።